የሚሰማ ግን መናገር ያቃተው ሰው፦ ሐኪም በአልጋ ዳር ምን ይፈትሻል?

አንድ ጎልማሳ ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሻይ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ያመልጣል። ባለቤቱ «ምን ሆንክ?» ብላ ስትጠይቀው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ «ሻ… ሻይ… እጅ…» ይላል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። ቤቱ ይተራመሳል። አንዱ «አፉ ተያዘ» ይላል፤ ሌላው «ደም ግፊቱ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ምች መትቶት ነው» ይላል፤ አራተኛው ደግሞ ሰውየው በሚሰማው ርቀት ላይ ቆሞ «አእምሮውን ስቷል፣ የምንለውንም አያውቅ» ይላል። ከአራቱ ይበልጥ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው።

በአንጎል ጉዳት ምክንያት ቋንቋ ሲታወክ ሐኪሞች ሁኔታውን አፌዥያ ይሉታል። ቃሉ ከሐኪሞች አልፎ በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የአሜሪካዊው ተዋናይ የብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦች በዚሁ ችግር ሳቢያ ትወናን እንደሚያቆም ባስታወቁ ጊዜ ነበር። አፌዥያ ብዙ ዓይነት አለው፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ኤክስፕረሲቭ ወይም ብሮካ አፌዥያ የሚባለውን፣ ማለትም ሰውየው የሚነገረውን በአመዛኙ እየተረዳ የራሱን ሐሳብ በቃላት ማውጣት የሚያቅተውን ዓይነት ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ሰዓት፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ጥቂት ደቂቃና ብዙ ትዕግሥት ነው። የአንጎል ፎቶ የሚነሣው ጉዳቱ ከምን እንደመጣና የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው፤ ሰውየው ምን እንደጠፋበትና ምን እንደቀረለት የሚታወቀው ግን በአልጋው ዳር በሚደረገው ጭውውት ነው።

«መናገር አቃተው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዕለት ተዕለት አነጋገር ይህ ሐረግ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው የድምፅ ችግር ነው፤ ጉንፋን ድምፁን የዘጋበት ሰው በሹክሹክታም ቢሆን ዐረፍተ ነገሩን አሟልቶ ይናገራል። ሁለተኛው የአፍ ጡንቻዎች ችግር ነው፤ ምላስና ከንፈር ሲደክሙ ወይም ቅንጅታቸው ሲፋለስ ቃላቱ እንደ ሰካራም አንደበት ይኮላተፋሉ፣ ነገር ግን የቃላቱ ምርጫና አሰካክ ትክክል ነው። ሐኪሞች ይህን ዲስአርትሪያ ይሉታል። ሦስተኛው የቋንቋ ችግር ነው፤ ምላሱ ቢታዘዝም የሚፈለገው ቃል አይመጣም፣ ቢመጣም ከጎረቤቱ ቃል ጋር አይያያዝም።

የካህኑን የዘካርያስን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ማስረዳት ቀላል ነው። ዘካርያስ አንደበቱ በተዘጋ ጊዜ ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ጻፈ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ዛሬ ሆስፒታል ቢመጣ ሐኪሙ አፌዥያ አይለውም፤ መውጫው ቢዘጋም ቋንቋው በውስጡ ሙሉ መሆኑን ጽሕፈቱ መስክሮለታልና። አፌዥያ የያዘው ሰው ግን በአፉ የጠፋው ነገር በእጁም ይጠፋበታል። መስማት የተሳናቸውና በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ሰዎች እንኳ የግራ አንጎላቸው ሲጎዳ ምልክቶቹን ማቀናጀት ያቅታቸዋል። ከዚህ የምንረዳው ጉዳቱ ከአፍ ሳይሆን ከቋንቋ ላይ መሆኑን ነው።

ነገሩን በሸማኔ ሥራ መመሰል ይቻላል። ድሩ ሰዋስው ነው፣ ማጉ ደግሞ ቃላት። በብሮካ አፌዥያ ማጉ በሞላ ጎደል አለ፣ ሸማኔውም ምን ሊሠራ እንደተቀመጠ ያውቃል፤ መወርወሪያው ግን በድሩ መካከል አልፍም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ በገለጸው በሌላው ዓይነት ደግሞ መወርወሪያው ያለ ዕረፍት ይሮጣል፤ የሚወጣው ጨርቅ ግን ምንነቱ አይታወቅም። ይህኛው ሕመምተኛ ብዙ ይናገራል፣ የሚናገረው ትርጉም አይሰጥም፣ የሚነገረውንም አይረዳም፤ ስለዚህም «አበደ» የሚባለው በአብዛኛው እርሱ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1861 በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል የ51 ዓመት ሕመምተኛ ቀኝ እግሩ በጠና ተመርዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ፖል ብሮካ ተወሰደ። ሰውየው በዚያ ሆስፒታል 21 ዓመት ኖሯል። ምንም ቢጠየቅ መልሱ «ታን፣ ታን» ብቻ ስለነበር ሁሉም ታን እያለ ይጠራው ነበር።

ብሮካ ያኔ ያደረገው ምርመራ እስከ ዛሬ ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ይመስለኛል። በሆስፒታሉ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠየቀው። ሰውየው እጁን አራት ጊዜ ዘረጋና አንድ ጣት ጨመረ፤ ሃያ አንድ። በማግስቱም ተጠይቆ ያንኑ መለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ግን እየተፈተነ መሆኑ ገባውና ተቆጣ፤ በቁጣው መካከልም አንዲት የእርግማን ቃል ጥርት ብላ ከአፉ ወጣች። ጥያቄው መግባቱን፣ ማስታወሱንና መቁጠሩን ጣቶቹ ተናገሩ፤ በፈቃዱ መናገር ያልቻለው አፉ ደግሞ በስሜት ተገፍቶ ቃል አወጣ። አንድ የነርቭ ሐኪም ዛሬም ቢሆን የሚፈልጋቸው ምልክቶች እነዚሁ ናቸው።

ሌቦርኝ በኤፕሪል 17 ሞተ፤ አንጎሉ ሲታይ በግራ በኩል የፊተኛው ክፍል ታችኛው አካባቢ፣ ዛሬ የብሮካ ቦታ የሚባለው፣ ተጎድቶ ተገኘ። በዚያው ዓመት አምስት ቃላት ብቻ የቀሩለት ሌሎንግ የሚባል የ84 ዓመት አዛውንት ሲሞት ጉዳቱ በዚያው ስፍራ ታየ። ብሮካ ተጨማሪ ሕመምተኞችን ካየ በኋላ በ1865 በአብዛኛው ሰው ቋንቋ በግራው የአንጎል ክፍል እንደሚመራ ጻፈ። ለበሽታው ያወጣለት ስም አልጸናም፤ አፌዥያ የሚለውን በ1864 ያስለመደው ሌላው ፈረንሳዊ ሐኪም አርማንድ ትሩሶ ነው። ተጠብቀው የቆዩት የሁለቱ ሰዎች አንጎሎች በኤምአርአይ ታይተው ውጤቱ በ2007 ሲወጣ ጉዳታቸው ብሮካ ከገመተው በላይ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ጉዳቱ በብሮካ ቦታ ላይ ብቻ ሲወሰን ንግግር ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ የሚቆየው አፌዥያ በዙሪያውና በሥሩ ያሉትም ሲጎዱ የሚመጣው ነው።

ቀኝ እጅና ቋንቋ ለምን አብረው ይታመማሉ?

ግራው አንጎል የሚያዝዘው ቀኙን የሰውነት ክፍል ነው። ቃላትን የሚያቀናጀው ስፍራ የሚገኘው ከግራው የግንባር ጎን ወደ ውስጥ ሲሆን፣ የፊትንና የእጅን እንቅስቃሴ የሚመራው ክፍል አጠገቡ ነው፤ ሁለቱንም የሚያጠጣው አንድ የደም ሥር ነው። ያ ቧንቧ ሲደፈን ንግግር፣ የቀኝ ፊትና የቀኝ እጅ በአንድ ጊዜ ይመታሉ። እግርን የሚመራው ክፍል ውኃውን ከሌላ ቧንቧ ስለሚያገኝ ብዙውን ጊዜ ከእጅ የተሻለ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ሕመምተኛው ቀኝኛ ወይስ ግራኝ መሆኑን ይጠይቃል፤ ቋንቋ ከቀኝኞች በ95 ከመቶ ገደማ፣ ከግራኞች ደግሞ በ70 ከመቶ ገደማ በግራው አንጎል ይመራልና። በእኛ ሰው ላይ ግን ጥያቄው ወጥመድ አለበት። «በየትኛው እጅ ይበላሉ?» ቢባል ሁሉም ቀኝ ይላል፤ በግራ እጅ መጉረስ ነውር ነውና። በየትኛው እጅ ይጽፋሉ ቢባልም በልጅነቱ ተቆንጥጦ ወደ ቀኝ የተመለሰ ግራኝ ብዙ ነው። የሚሻለው ድንጋይ የሚወረውረው፣ ሚስማር የሚመታው ወይም ሽንኩርት የሚከትፈው በየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ሐኪሙ ምን እያደረገ ነው?

ከጎን ሆኖ ለሚያየው የቋንቋ ምርመራ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ግን አንድ በር የሚያንኳኳ ነው። አንዲት የስልሳ ዓመት እናት በአልጋ ላይ ናቸው፣ ልጃቸው በራስጌያቸው ቆማለች እንበል። የደማቸው የስኳር መጠን ተለክቷል፤ ስኳር ሲወርድ ንግግርን ሊያውክና ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈስ የሚመጣውን ድንገተኛ ሕመም) ሊመስል ስለሚችል ይህ መቅደም አለበት።

ሐኪሙ «እናቴ፣ ምን አጋጠመዎት? እስቲ ይንገሩኝ» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ የምርመራው አንድ አካል ነው። «ቤት… ቡና… እኔ… እጅ… እጅ…» ይላሉ፤ ከዚያም ይተነፍሱና በግራ እጃቸው ጭናቸውን ይመታሉ። ልጅቱ «ቡና እያፈላች ሳለ ነው እጇ የ…» ስትል ሐኪሙ «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺን፤ እርሳቸው ይሞክሩ» ይላታል። በዚህች አጭር ልውውጥ ብዙ ነገር ተሰምቷል። በአንድ ትንፋሽ የሚወጡት ቃላት ከሦስትና ከአራት አይበልጡም፤ የስም ቃላት አሉ፣ ግሥ ግን የለም፤ የአነጋገር ዜማው ተሰብሯል፤ ይሁንና ጥያቄውን መልሰዋል። ቃላታቸውን ብናገጣጥማቸው ታሪክ ይሆናሉ፤ ድሮ በቴሌግራም መልእክት ሲላክ በየቃሉ ስለሚከፈል ሰው የግድ የሆኑትን ብቻ እንደሚጽፈው ማለት ነው። ጭናቸውን መምታታቸውም ትልቅ ምልክት ነው፤ የተሳሳቱትን ያውቃሉ። የቬርኒኬው ሕመምተኛ በአብዛኛው ስሕተቱን አያስተውልም።

ቀጥሎ ሐኪሙ «አንድ ብለው ይቁጠሩልኝ» ይላል፤ እኚያ ቃል ያጡ እናት እስከ ዐሥር ሳያደናቅፋቸው ይደርሳሉ። «ሰኞ» ሲላቸው እስከ እሑድ ይወርዳሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው «ሀ» ሲባል «ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ» እያለ ይቀጥላል፤ «አባታችን ሆይ»ን ወይም ፋቲሐን የሚደግም፣ የሰርግ ዘፈን ከነግጥሙ የሚያወርድም አለ። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ «ተሻላት!» ብሎ ይደሰታል። ሐኪሙ ግን «ከአራት ቀጥሎ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ መልሱ አይመጣም፣ ወይም ሕመምተኛው ከአንድ ጀምሮ ወደ አምስት ለመድረስ ይገደዳል። የተሸመደደ ነገር እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር ላይ የተሰካ ነው፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይከተላል፣ አንዱን ነጥሎ ማውጣት ግን ሌላ ችሎታ ይጠይቃል። የታን እርግማንም ከዚሁ ወገን ነው። ዜማ ቃልን አብሮ ሊጎትት መቻሉ ለሕክምናም ውሏል፤ ሐረጎችን በዜማ እያስለመዱ ወደ ንግግር የማሸጋገር ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ይታወቃል።

ከዚያ ስም ማስጠራት ይመጣል። ሐኪሙ የእጅ ሰዓቱን ያሳያል፤ «ሰዓት» ይመጣል። ማሰሪያውን ሲያሳይ ዝም። ሸሚዝ ይመጣል፤ እጅጌና አንገትጌ አይመጡም። በየቀኑ የምንጠራው ቃል መንገዱ የተረገጠ ስለሆነ ይቀላል፤ አልፎ አልፎ የምንጠራው ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ ሰዓትና እስክሪብቶ ብቻ አሳይቶ «ስም መጥራት ይችላል» ብሎ የጻፈ ሐኪም ቀላሉን አፌዥያ አሳልፎታል። ቃሉ ሲጠፋ የመጀመሪያውን ድምፅ መስጠትም ይረዳል፤ የጀበና ሥዕል እያዩ ለተጨነቁ እናት «ጀ…» ሲባል «ጀበና!» ብለው ከወጡ ቃሉ አልጠፋም፣ መንገዱ ነበር የጠፋው።

ማስደገም ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በብሮካ አፌዥያ ሕመምተኛው የሚሰማውን ዐረፍተ ነገር መድገም ይቸግረዋል፤ ብሮካ የሚመስል ንግግር ኖሮት አስተካክሎ የሚደግም ከሆነ ግን ጉዳቱ ከብሮካ ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ ፈቀቅ ያለ ሊሆን ይችላልና ስሙም ይለወጣል።

መስማቱንና መረዳቱን በምን ያውቃሉ?

ሐኪሙ በእጁም በዓይኑም ምንም ሳያሳይ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ይላል። እጁን እያወዛወዘ ቢያዝ ሕመምተኛው የሚረዳው ቃሉን ይሁን ምልክቱን አይታወቅም። ቀጥሎ ትእዛዙን ያረዝማል፤ «ጣሪያውን ካሳዩኝ በኋላ በሩን ያሳዩኝ» ይላል። አዎና አይደለም የሚያሰኙ ጥያቄዎችም አሉ፤ «በረዶ ከእሳት ይሞቃል?» ዓይነት። ሕመምተኛው አንዳንዴ ልቡ «አይደለም» እያለ አፉ «አዎ» ስለሚል አንድ ጥያቄ በቂ አይደለም፤ ራስ መነቅነቅና ጣት ማንሣትም እንደ መልስ ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ በውጭ አገር ለሚታከሙ ወገኖች የምትጠቅም አንዲት ነገር አለች። እኛ «አዎ»ን ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ብቻ እንላታለን። ይህን የማያውቅ ሐኪም ወይም ነርስ ሕመምተኛው ትንፋሽ አጠረው ብሎ ሊደነግጥ፣ ወይም መልስ አልሰጠም ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ስለዚህ ቢነገረው መልካም ነው።

መረዳት ደኅና ነው ሲባልም ፍጹም ነው ማለት አይደለም። «አንበሳው በነብሩ ተገደለ፤ የሞተው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የብሮካ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የሁለቱም አራዊት ስም ገብቶታል፤ ማን ማንን እንደገደለ የምትናገረው ግን ያቺ «በ» እና በግሡ ራስ ላይ ያለችው «ተ» ናቸው፣ የሚያመልጡትም እነርሱ ናቸው። «ልጁ ዳቦውን በላ» ሲባል አይሳሳትም፤ ዳቦ ልጅ እንደማይበላ ያውቃልና። ለዚህ ነው «ኤክስፕረሲቭ» የሚለው ስም ራሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል ያልሆነው፤ ሰዋስው ሲጎዳ በመናገርም በመስማትም በኩል ይጎዳል።

በመጨረሻ ማስነበብና ማስጻፍ ይከተላል። ቀኝ እጅ ከደከመ በግራው ይሞከራል፤ የፊደሉ ቅርጽ ቢጣመምም ቋንቋው መኖር አለመኖሩ ይታያል። ፊርማ ግን አይቆጠርም፤ እርሱም እንደ ሰኞ ማክሰኞ የተሸመደደ ነው። ያልተማረ ሰው ላይ ይህ ክፍል ይዘለላል፤ ማንበብ አለመቻሉ በሽታ ሆኖ እንዳይጻፍበት ቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ሲመረመር ምን ይለያል?

ብዙዎቹ መፈተኛዎች የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎሙም ይበላሻሉ። በእንግሊዝኛ የታወቀ አንድ የማስደገሚያ ሐረግ «ቢሆን፣ እና፣ ግን» እንደማለት ባሉ ትንንሽ ቃላት ብቻ የተሠራ ነው፤ ዓላማው በትክክል የብሮካ ሕመምተኛ የሚጥላቸውን ቃላት መፈተን ነው። ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ጤነኛ ሰው እንኳ የማይገባው ነገር ይሆናል። በእኛ ቋንቋ ከእነዚያ ትንንሽ ነገሮች ብዙዎቹ ለብቻቸው አይቆሙም፤ «ከ»፣ «በ»፣ «ስለ»፣ «እንደ» እየሆኑ በቃሉ ራስ ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ «ከእነርሱ ጋር ባልሄድ ኖሮ አልታመምም ነበር» ዓይነት ዐረፍተ ነገር ማስደገም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስትሮክን ለመለካት በብዙ አገር የሚያገለግለው መመዘኛ ስም የሚያስጠራባቸው ሥዕሎች ስድስት ናቸው፤ ጓንት፣ ቁልፍ፣ ቁልቋል፣ ወንበር፣ ላባ እና በሁለት ዛፎች መካከል የሚታሰር የገመድ አልጋ። ቁልቋሉ የበረሃ ዓይነት ስለሆነ የእኛን ላይመስል ይችላል፤ የገመድ አልጋውን ደግሞ ጤነኛ አዛውንትም ስም ላያወጡለት ይችላሉ። ያላወቁትን ነገር ስም አለመጥራት ምልክት ሊሆን አይችልም። ማጭድ፣ ሲኒ፣ ወንፊትና ጃንጥላ ማሳየት ይበጃል።

ዋናው ልዩነት ግን ግሡ ላይ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ በአንዷ «አልመጣችልኝም» ውስጥ ማን፣ ለማን፣ መቼ እና አለመሆኑ ታጭቀዋል። በእንግሊዝኛ ሕመምተኛው የግሡን ጅራት ጥሎ ዋናውን ቃል ብቻ ሊናገር ይችላል። በሴማዊ ቋንቋዎች ግን «ስ-ብ-ር» የሚለው ሥር ያለ አናባቢ ቃል ስላልሆነ ዝም ብሎ የሚጣል ጅራት የለም። በዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ሕመምተኛው የግሡን መልክ ከመጣል ይልቅ በሌላ መልክ ይተካዋል። በአማርኛም ከዚህ ተነሥቶ የሚጠበቀው «እኔ መጣ»፣ «እርሷ በላ»፣ «ነገ ሄድኩ» ዓይነት ንግግር ነው፤ ወይም ዐረፍተ ነገሩ «ትናንት… ልጄ… ሐኪም ቤት…» ብሎ ግሡ በሚጠበቅበት ቦታ ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው የማያውቀው ሐኪም «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላልና የቀድሞ አነጋገሩን ከቤተሰብ መጠየቅ ግድ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያስቸኩላል?

ድንገት የመጣ አፌዥያ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ስትሮክ ነው ተብሎ ይያዛል። በስትሮክ ከሚመቱት ሰዎች ሲሶ ያህሉ መጀመሪያ ላይ የቋንቋ መታወክ ይታይባቸዋል። የደም መርጋትን የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ በሲቲ ስካን የደም መፍሰስ አለመኖሩ ከታየ በኋላ ነው፤ በተመረጡ ሕመምተኞች ላይ በቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ማውጣት እስከ 24 ሰዓት ሊሞከር ይችላል። ይህ አገልግሎት በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ የሚገኝበት ቦታ ግን ሰዓቱን ጠብቆ መድረስ ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው እጅና እግር ሳይነኩ ንግግር ብቻ ሲመታ ነው። ሰውየው ይራመዳል፣ ይበላል፣ ሰው ሲመጣ ይነሣል፤ ቤተሰብም «ይተኛና ይሻለዋል» ይላል። ወጣት መሆኑም አያድንም፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር በሽታ በአገራችን የተለመደ ሲሆን፣ ከዚያ ልብ የተነሣ የረጋ ደም የሃያ አምስት ዓመት ሰው ቋንቋ ሊወስድ ይችላል። ቀስ በቀስ በሳምንታትና በወራት የሚመጣው ደግሞ ሌላ ጎራ ነው፤ ዕጢ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ ወይም አንጎልን ቀስ እያለ የሚያመነምን በሽታ። የብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦችም በፌብሩዋሪ 2023 የሕመሙ ምንጭ የፊተኛውንና የጎኑን የአንጎል ክፍል የሚያጠቃ የመርሳት በሽታ ዓይነት መሆኑን ገልጸዋል።

ቤተሰብና አስተርጓሚ ምን ያድርጉ?

በእኔ ግምት ቀላል አፌዥያን ከሐኪም ዓይን የሚሰውረው ትልቁ ነገር ደግነት ነው። ልጅ የእናቷን ዐረፍተ ነገር ትጨርሳለች፤ ባል ለሚስቱ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ የተሰባበረውን አማርኛ ሰምቶ የተስተካከለ እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ያቀርባል። «ልጅ… ቤት… ትናንት… ሄድኩ… እኔ… እርሱ…» የተባለው «ትናንት ወደ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር ይላል» ሆኖ ሲተረጎም ሐኪሙ የሚመዘግበው ጤነኛ ንግግር ነው። በቋንቋ ምርመራ ጊዜ አስተርጓሚው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ስብራቱንም ማስተላለፍ አለበት፤ ግሡ ስለመቅረቱ፣ ጾታው ስለመሳሳቱ፣ ቃሉ ስንት ሰከንድ ስለመዘግየቱ።

ሕመምተኛው ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ በሁሉም መፈተን ይገባል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊመለስ ይችላል፤ የሚቀድመውም አንዳንዴ የእናት ቋንቋ፣ አንዳንዴ ደግሞ በቅርብ ጊዜ አዘውትረው ይናገሩት የነበረው ነው። በአማርኛ ቃል ያጡ አዛውንት በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሊመልሱ ይችላሉ፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ግን ዝም እንዳሉ ይቆያሉ።

ሐኪሙ ከቤተሰብ የሚፈልገው ሕመምተኛው የተናገሯቸውን ቃላት እንዳሉ፣ የተማሩትን፣ የሚናገሩትን ቋንቋ ሁሉ፣ ቀኝኛ ወይም ግራኝ መሆናቸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደኅና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ሰዓት ነው። ይህ የመጨረሻው በውጭ አገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደኅና ነበር» የሚለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ከተተረጎመ ግን ከሌሊቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት በ4 ሰዓት፣ ማለትም በእነርሱ 10 ሰዓት፣ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ከተመታ ሁለት ሰዓት ብቻ ሆኖት ሳለ ስምንት ሰዓት እንዳለፈው ተቆጥሮ መድኃኒቱ ሊቀርበት ይችላል።